የሚለመጥ ብረት፣ የሚላወስ ኩችኔታ

በኩዌቷ ማንጋፍ በሙቀቱ ወራት ቀኑ የሚጀምረው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። የኩዌት መንግሥት ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት ከልክሏል። ሰዓቱ ሲሞላ የሠራተኞች መኖሪያ ሕንፃዎች በሮች ይከፈታሉ፤ በየአጥሩና በየመብራት ምሰሶው ታስረው የዋሉ ብስክሌቶችም ይፈታሉ። አብዛኞቹ ጥቁር፣ ከባድ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ ያላቸው የቻይናና የሕንድ ሥሪቶች ናቸው። የታሸገ ውኃ፣ የቀለም ባልዲ፣ አንዳንዴም ጓደኛ ይጭናሉ። ግማሾቹ ወደ ፈሐሂል፣ ግማሾቹ ወደ አቡ ሐሊፋና ወደ መሕቡላ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው፣ ብዙ ጊዜም ከመኪናው በተቃራኒ አቅጣጫ ይነጉዳሉ።

ዓርብ ንጋት ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብስክሌት በባሕሩ ዳር ያልፋል። ቴላዮው ካርቦን ነው፤ በአንድ እጅ ይነሳል። ነጂዎቹ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ልብስ ለብሰው፣ ፀሐይ ሳትበረታ ለመመለስ ተከታትለው ይበራሉ። የአንዱ ብስክሌት ዋጋ የዚያ ጥቁር ብስክሌት ባለቤት በወራት ደመወዙ የማይገዛው ነው። የሁለቱም ጉልበት ከጫማ ወደ ሰንሰለት የሚሻገረው ግን በአንድ ዓይነት ቦታ ነው። ሁለት ክራንክ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ፔርኖ፣ ፔርኖውን ግራና ቀኝ የሚሸከሙ ኩችኔታዎች፣ እነዚህን ሁሉ ያቀፈ የቴላዮው የታችኛው ቤት።

የውድ ብስክሌት ሻጭ ስለዚህ ቦታ ብዙ ያወራል። «አይለመጥም» ይላል፤ «የረገጥከው ሁሉ ሳይባክን ጎማው ላይ ይደርሳል»። ላለፉት ሰላሳ ዓመታት የክራንክና የፔርኖ ንድፍ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ አባባል ታሪክ ነው። ፔርኖው ወፈረ፣ ውስጡ ተቦረቦረ፣ ቤቱ ሰፋ፣ ኩችኔታው ወደ ውጭ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ግን የማንጋፍን ብስክሌት ጠጋኝ ሥራ ቆሜ ካየሁ በኋላ፣ የብስክሌተኛን ጉልበት የሚበላው ብረቱ መለመጡ ሳይሆን መጋጠሚያው መላወሱ ነው ለማለት ደፍሬያለሁ። ሒሳቡም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጠጋኙ የባንግላዴሽ ሰው ነው። ሱቅ የለውም፤ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለች ጥላ ሥር አንድ የዕቃ ሣጥን፣ ናፍጣ የያዘ የዘይት ቆርቆሮና አንድ የቧንቧ ቁራጭ ይዞ ይቀመጣል። ያን ቀን ብስክሌቱን ያመጣለት የባሕር ዳር ልጅ ነበር፤ የአንድ ግንባታ ቦታ የሌሊት ጥበቃ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፣ ብስክሌት ከድሮም የሚወደድባት። ስለዚህ የሚያወራው እንደ ለማጅ አይደለም።

«ጋሼ፣ ግራውን ስረግጥ ቀጭ ይላል» አለኝ። «ቀኙን ስረግጥ ዝም ነው። ከረመዳን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ኩችኔታው አልቆ መስሎኝ ነበር።»

ጠጋኙ ብስክሌቱን አልገለበጠም። ሁለቱን ክራንኮች በሁለት እጁ ያዘና አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አወዛወዘ። ግራው ቀኙን ሳያንቀሳቅስ ጥቂት ሄደ። «ሹፍ፣ ሳዲቅ» (እይ፣ ወዳጄ) አለ ወደ እኛ ቀና ብሎ። ቀጥሎ ሁለቱን ክራንኮች አንድ ላይ ይዞ ወደ ጎን ገፋቸው፤ እዚያም ጥቂት ንቅናቄ አለ። ሁለት በሽታ ነው ማለት ነው። አንደኛው ግራው ክራንክ ፔርኖው ላይ ላልቷል፤ ሁለተኛው ፔርኖው ራሱ ኩችኔታው ውስጥ ይላወሳል።

የዚህ ብስክሌት ክራንክ ከፔርኖው ጋር የተያያዘው በቅርቃር ነው። ቅርቃሩ የጣት ውፍረት የማይሞላ የብረት ካስማ ሲሆን አንድ ጎኑ በስሱ ተሞርዷል፤ የተሞረደው ጎን ፔርኖው ላይ ካለው ጠፍጣፋ ቦታ ጋር ይጋጠማል። ሲመታ ይጠብቃል። ጠጋኙ ዳዶውን ፈታ፣ ግን ሙሉ ለሙሉ አላወጣውም፤ ፊሌቶው በመዶሻ እንዳይበላሽ ጫፉ ላይ ተወው። የቧንቧውን ቁራጭ ከክራንኩ ሥር አቁሞ መሬት አስያዘው። ይህን ባያደርግ ምቱ በፔርኖው አልፎ ኩችኔታው ላይ ያርፍና ኳሶቹ መቀመጫቸውን ያጎደጉዱት ነበር። ከዚያ አንዴ፣ በኃይል መታ። በትንንሽ ምት የሚነካካ ሰው ቅርቃሩን ያጣምመዋል እንጂ አያወጣውም።

የወጣውን ቅርቃር ተቀብዬ አየሁት። የተሞረደው ፊቱ መሃል ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ደረጃ ሠርቷል። በእያንዳንዱ ዙር ፔርኖው ያንን ቦታ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ወደ ኋላ መልሶ፣ እንደገና ገፍቶ ነው የቆረጠው። የ«ቀጭ» ድምፅ ምንጭ ይህ ነው።

ግራው ብቻ ለምን? መልሱ የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ክራንኩ ወደ ፊት ጋደም ባለበት ቅጽበት ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ቢያሳርፍ፣ 687 ኒውተን ያህል ይጫናል። ክራንኩ 170 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የማዞር ኃይሉ 117 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የፊቱ ጥርስ 48 ጥርስ ካለው ደግሞ ከመሃሉ እስከ ሰንሰለቱ ያለው ርቀት 97 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰንሰለቱ ከ120 ኪሎ በላይ በሚመዝን ኃይል ይወጠራል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቀስ ብሎ አቀበት የሚወጣ ተራ ሰው ነው።

አሁን መንገዱን እንከተል። የፊቱ ጥርስ የተሰካው ቀኙ ክራንክ ላይ ነው። በቀኝ እግር ሲረገጥ ኃይሉ ከቀኙ ክራንክ በቀጥታ ወደ ጥርሱ ያልፋል፤ ፔርኖው ይጎብጥ ይሆናል እንጂ አይጠማዘዝም። በግራ ሲረገጥ ግን ያ 117 ኒውተን ሜትር በግራው ቅርቃር በኩል ገብቶ፣ ፔርኖውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ በቀኙ ቅርቃር ወጥቶ ነው ጥርሱ ጋ የሚደርሰው። ግራው ቅርቃር የግራውን እግር ጉልበት ሁሉ ይሸከማል፤ ቀኙም ያንኑ የግራ እግር ጉልበት በየዙሩ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ክራንኩ ከሰፊው ጥርስ ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ መላላቱ ቶሎ አይሰማም። አንድን ብስክሌት ሁለት እግር ቢረግጠውም ፔርኖው የሚጠማዘዘው በአንዱ ብቻ ነው።

የመጠማዘዙ መጠንስ? ድፍን የሆነ 17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ፔርኖ እንውሰድ። በሁለቱ ክራንኮች መካከል 120 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል እንበል። በ117 ኒውተን ሜትር ሲጠማዘዝ ወደ 1.2 ዲግሪ ይዞራል። ይህ በ170 ሚሊ ሜትር ክራንክ ጫፍ ላይ ሲታይ ግራው ፔዳል ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይወርዳል ማለት ነው። እግር ይህን ያውቀዋል። «ብስክሌቱ ለስላሳ ነው» የሚሉ ሰዎች አልዋሹም።

ቀጣዩ ጥያቄ ነው ማስታወቂያው የሚዘለው። ያ ጉልበት ጠፋ ወይ? በፔርኖው ውስጥ የተቀመጠው ጉልበት 1.3 ጁል ገደማ ነው። ያው ሰው ክብደቱን ይዞ ፔዳሉን ከላይ እስከ ታች፣ 34 ሴንቲ ሜትር ሲያወርድ የሚሠራው ሥራ ደግሞ 234 ጁል ነው። ከመቶ አንድ አይሞላም። ይህም ቢሆን አልባከነም፤ ብረት ሞላ ነው፣ የተቀበለውን ይመልሳል። ፔዳሉ ወደ ታች ሲቃረብና ጫናው ሲቀንስ ፔርኖው ይፈታል፣ ሲፈታም ሰንሰለቱን ይጎትታል። በሙቀት መልክ የሚያጠፋው እጅግ ጥቂት ነው።

የላላው ቅርቃር ግን ሞላ አይደለም። ክራንኩ ያንን ክፍተት በባዶ ያቋርጥና ይጋጫል። የተጋጨው ጉልበት ድምፅ ሆኖ ይወጣል፣ ብረት ሆኖ ይረግፋል። አንድም አይመለስም። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ግጭቱ ይበረታል፤ ግጭቱ ሲበረታ ክፍተቱ ይሰፋል።

ይህን ችግር አስቀድመው የተረዱት ፈረንሳዮች ነበሩ። ስትሮንግላይት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 ቅርቃሩን አስቀርቶ የፔርኖውን ጫፍ አራት ማዕዘን አደረገውና በስሱ አሾለው። የአሉሚኒየም ክራንክ እዚያ ላይ በቡሎን ተስቦ ይወጣል፤ እየጠበቀ በሄደ ቁጥር አራቱም ጎን ይጨብጣል። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ይህንኑ ስልት በ1958 ሬኮርድ በተባለው ክራንኩ ይዞ ሲመጣ የውድድሩ ዓለም ተከተለው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1956፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተሳተፈችበት ሜልቦርን፣ ገረመው ደንቦባ በ187 ኪሎ ሜትሩ የጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣና የኢትዮጵያ ቡድን 9ኛ ሲሆን፣ የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሳይቀሩ ብዙዎቹ የሚረግጡት ገና ባለ ቅርቃር የብረት ክራንክ ነበር። ማንጋፍ ውስጥ ዛሬ ውኃ የሚያመላልሰው ብስክሌት በዚህ በኩል የዚያ ዘመን የሻምፒዮን ብስክሌት ዘመድ ነው።

አራት ማዕዘኑ ፔርኖ ለአርባ ዓመታት ያህል ነገሠ። ደካማ ጎኑ ሁለት ነው። ቡሎኑ በሚገባ ካልጠበቀ (ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፣ ማለትም ረጅም ቁልፍና የሰው ክብደት) ለስላሳው አሉሚኒየም ቀዳዳ ይሞለሞላል፤ አንዴ ከተሞለሞለ ቡሎን ምንም ቢጠብቅ አይመለስም። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ፔርኖው ከነኳሶቹ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ መግባት ስላለበት ከ17 ሚሊ ሜትር ብዙም ማለፍ አልቻለም።

ውፍረት ለምን ያን ያህል ያስጨንቃል? ምክንያቱም የአንድ ዘንግ የመጠማዘዝ ተቃውሞ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ደረጃ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው 16 እጥፍ ይሆናል። የመሃሉ ብረት ደግሞ ምንም አይጠቅምም ማለት ይቻላል፤ ሥራውን የሚሠራው ዳሩ ነው። ስለዚህ አዋቂ መሐንዲስ ብረቱን ከመሃል ያወጣና ወደ ዳር ያሰፋዋል። ሺማኖ የተባለው ኩባንያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኩችኔታዎቹን ከቤቱ ውጭ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው፤ ቤቱ ውስጥ ቦታ ተገኘ፤ ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ባዶ የብረት ፔርኖ ገባ። ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ነው ብለን ብናሰላ፣ ከድፍኑ 17 ሚሊ ሜትር 2.7 እጥፍ ግትር ይሆናል። ክብደቱ ደግሞ በመቶ 13 ያህል ይቀንሳል። በብስክሌት ንድፍ ውስጥ እንዲህ በሁለቱም በኩል የሚያተርፍ ለውጥ ብዙ አይገኝም፤ ይህኛው ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ፉክክር ነው። ካነንዴል የተባለው ብስክሌት አምራች ቢቢ 30 ያለውን 30 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ፔርኖ በ2006 ለሌሎች አምራቾች ሁሉ ክፍት አደረገ። «30 ከ24 ይበልጣል» የሚለው ነገር ለሻጭ ቀላል ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይሄድም። አሉሚኒየም ለመጠማዘዝ የሚያሳየው ተቃውሞ የብረት አንድ ሦስተኛ ነው። ግድግዳው እኩል 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የ30 ሚሊ ሜትሩ አሉሚኒየም ከ24 ሚሊ ሜትሩ ብረት ግትርነት በመቶ 70 ያህል ብቻ ይኖረዋል፤ ለመብለጥ ግድግዳውን ማወፈር ያስፈልገዋል። የሚያተርፈው ክብደት ነው፤ ከብረቱ ግማሽ በታች ይመዝናል። ሻጩ «ቀለለ» ቢል እውነት ነበር፤ «ግትር ሆነ» ሲል ግን ሰሚው የግድግዳውን ውፍረት መጠየቅ ነበረበት።

በዚያው ዘመን ፊሌቶ ተሽሮ ኩችኔታው በግፊት የሚገባበት ቤት መጣ። ለአምራቹ ርካሽ ነው፣ የካርቦን ቴላዮም እስከ 86.5 ሚሊ ሜትር ድረስ እንዲሰፋ ፈቀደ። ነገር ግን በግፊት የሚገባ ነገር ቀዳዳው በሚሊ ሜትር መቶኛ ልክ ካልሆነ ይላወሳል፤ ሲላወስም ይንቋቋል። ዓርብ ንጋት ከሚያልፉት ብስክሌቶች ብዙዎቹ በጸጥታቸው የሚታወቁ ቢሆንም፣ ባለቤቶቻቸውን ከሚያበሳጩ ነገሮች አንዱ ይህ የመሃል ቤት «ቅጭቅጭታ» ነው። ውድ የሆነው ካርቦንና የባሕር ዳሩ ልጅ ብስክሌት በአንድ በሽታ መታመማቸው አስቆኛል። አምራቾቹም ገብቷቸዋል፤ በ2010ዎቹ አጋማሽ አርጎናውትና ክሪስ ኪንግ ቲ 47 የተባለ ሰፊ ግን ባለ ፊሌቶ ቤት አወጡ፣ ስፔሻላይዝድም በ2020 ባወጣው ታርማክ ኤስኤል 7 ላይ ወደ አሮጌው የእንግሊዝ ፊሌቶ ተመለሰ።

ግትርነት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲነዳ፣ ወይም ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ቱር ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ የነበረው ጫና የተራ ሰው አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የሚሮጥ ፈጣን ብስክሌተኛ ከ1,000 ዋት በላይ ያወጣል፤ መሪውን እየጎተተ ስለሚረግጥ ፔዳሉ ላይ ከራሱ ክብደት በላይ ያሳርፋል። በዚህ ጫና የሚለመጥ ቤት ሰንሰለቱን ከማርሽ መቀየሪያው ጋር ያፋትጋል፤ ብስክሌቱ የታዘዘበት አይሄድም። ለእነሱ ግትርነት መቆጣጠሪያ ነው።

ሊለዩ የሚገባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች ግትርነትና ዕድሜ ናቸው። የማይለመጥ ነገር ሁሉ የማይሰበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሺማኖ ከ2012 እስከ 2019 አጋማሽ ያመረታቸውን፣ ከሁለት ግማሾች ተጣብቀው የተሠሩ ክራንኮች እንዲመረመሩ ጥሪ አወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ 680 ሺህ ያህል ነበሩ፣ ከ4,500 በላይ የመለያየት ሪፖርቶችም ቀርበው ነበር። ውስጣቸው ባዶ፣ ቀላል፣ ግትር ነበሩ፤ የተለያዩት ሙጫው ላይ ነው። ድፍን ክራንክም ቢሆን ይደክማል። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የፔዳሉ ቀዳዳ ዙሪያና የአራት ማዕዘኑ ማዕዘኖች ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጫናው በየዙሩ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ያየ ሰው ክራንኩን ይጣለው፤ አይበየድም።

ወደ ማንጋፍ ጥላ እንመለስ፤ ሁለተኛው በሽታ ገና አልታከመም።

ጠጋኙ የግራውን ኩባያ ፈታው። በዚህ ዓይነት ብስክሌት ኩችኔታ ታሽጎ አይመጣም፤ በእያንዳንዱ ጎን 11 ኳሶች፣ ሩብ ኢንች ስፋት ያላቸው፣ በግራሶ ተጣብቀው ኩባያው ውስጥ ይደረደራሉ። ግራሶው ቡናማ ሆኗል። በጣቱ ወስዶ አውራ ጣቱ ላይ አሸው፤ ይንቋቋል። አሸዋ ነው። ኳሶቹን ናፍጣው ውስጥ ጨመራቸውና አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳ አየ። የሚያብለጨልጩት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ፊታቸው ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። ሁሉንም ወደ ጎን ጣላቸው። አሮጌና አዲስ ኳስ አይቀላቀልም፣ አዲሱ በጥቂት ማይክሮን ስለሚበልጥ ጫናውን ብቻውን ይወስደዋል።

ኩዌት ለኩችኔታ ምሕረት የላትም። በ2016 ጁላይ 21 በሰሜን ምዕራቡ በረሃ በሚትሪባህ የተለካው 53.9 ዲግሪ በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ከጸደቁት የምድር ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። ሙቀቱ ግራሶን ያቀጥናል፤ ቀጭን ግራሶ ይፈስሳል። ሰሜናዊው ነፋስ ሲነሳ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ያመጣል፣ የማይገባበት ክፍተት የለም። ማንጋፍ ደግሞ በባሕሩ ጠረፍ ላይ ናት፤ ሌሊት ላይ ጨው ያዘለ እርጥበት በብረት ላይ ይተኛል። ልጁ ቀደም ሲል ብስክሌቱን ደረጃ ሥር ያሳድረው ነበር። በ2024 ጁን 12 እዚሁ ማንጋፍ ውስጥ አንድ የሠራተኞች ሕንፃ ተቃጥሎ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕንዳውያን፣ ከሞቱ ወዲህ ደረጃው ሥር ዕቃ ማስቀመጥ እሱ ባለበት ሕንፃ ተከለከለ። ትክክል ነው፤ መውጫ መንገድ ነው። ብስክሌቱ ግን ውጭ ማደር ጀመረ።

ኩችኔታ ውስጥ ያለ አሸዋ እንደ ላላ ቅርቃር ድምፅ አያሰማም። ቀስ በቀስ መቀመጫውን ይሞርዳል፣ ፔርኖው ቦታ ያገኛል፣ ከዚያ ቦታ አገኘሁ ብሎ ወደ ጎን ይላወሳል። ጥርሱም አብሮት ስለሚወዛወዝ ሰንሰለቱ አይቀናም። ነጂው የሚሰማው ድካም ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ቀኙን ኩባያ ጠጋኙ አልነካውም። እሱ ፊሌቶው ወደ ግራ ነው፣ ማለትም የሚጠብቀው ሌላው ሁሉ በሚፈታበት አቅጣጫ ነው። እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኳሶቹ በጫና ሲንከባለሉ ኩባያውን ከፔርኖው በተቃራኒ አቅጣጫ በጥቂቱ ያዞሩታል፤ ፊሌቶው የተለመደው ዓይነት ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ዙር እየተፈታ ይሄድ ነበር። የጣሊያን ፊሌቶ በሁለቱም በኩል የተለመደው ስለሆነ፣ በጣሊያን ብስክሌት ላይ ቀኙ ኩባያ በጣም ካልጠበቀ የመፈታት ልማድ አለው። ይህን ሳያውቅ የእንግሊዝ ፊሌቶ ያለውን ቀኝ ኩባያ በተለመደው አቅጣጫ ለመፍታት ጉልበቱን የሚጨርስ ሰው፣ እያጠበቀው መሆኑን አይረዳም።

አዲስ ግራሶ፣ አዲስ ኳሶች። ከዚያ ማስተካከል መጣ፤ የብቃቱ ሁሉ መለኪያ ይህ ነው። ግራውን ኩባያ እያጠበቀ፣ ፔርኖውን በጣቶቹ እያዞረ፣ መላወሱ ጠፍቶ መዞሩ ገና ልስልስ ያለበትን ነጥብ ፈለገ። ትንሽ ካለፈ ኳሶቹ ይጨመቃሉ፤ ትንሽ ካነሰ ይላወሳሉ። መቆለፊያውን ቀለበት ሲያጠብቅ ኩባያው አብሮ ስለሚዞር፣ አስቀድሞ ጥቂት ወደ ኋላ መልሶት ነበር። አንድም መሣሪያ አልለካለትም።

«ይሄን ቅርቃር የሚባል ነገር ጥለን በአዲሱ ዓይነት ብንቀይረውስ?» አለ ልጁ በአማርኛ ወደ እኔ፣ ከዚያ በዓረብኛና በእጁ ለጠጋኙ ደገመለት።

ይቻላል። የብስክሌቱ ቤት 68 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ የእንግሊዝ ፊሌቶ የያዘ ነው፤ ታሽጎ የሚመጣ፣ አቧራ የማይገባበት፣ ባለ አራት ማዕዘን ፔርኖ ያለው ኩችኔታ እዚያው ይገባል። ለኩዌት አየር ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የ24 ወይም የ30 ሚሊ ሜትር ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ችግሩ ሌላ ነው። ክራንኮቹ ሁለቱም መቀየር አለባቸው፣ ከነጥርሱ። የፔርኖው ርዝመት ደግሞ የፊቱ ጥርስ ከኋላው ጥርስ ጋር አንድ መስመር ላይ እንዲውል ሆኖ መመረጥ አለበት፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ሰንሰለቱ ጠሞ ይሮጣል። ጠጋኙ በጣቱ እየቆጠረ ሁሉንም ደመረና ዋጋውን ነገረው። ልጁ ብስክሌቱን ካንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጎረቤቱ የገዛበትን ዋጋ ነገረው። ሁለቱም ሳቁ።

ሁለት አዲስ ቅርቃሮች ተመረጡ። ጠጋኙ ከሣጥኑ ውስጥ አምስት ስድስት አውጥቶ በክራንኩ ቀዳዳ እየሞከረ ሁለት ለየ፤ 9 ሚሊ ሜትሩ ከ9.5ቱ ጋር ከተደባለቀ ምንም ያህል ቢመታ አይጨብጥም። የአንዱ የተሞረደ ፊት ላይ ሞረዱን ሁለት ጊዜ አስኬደበት፤ ያለዚያ አንደኛው ቅርቃር ከሌላው በላይ ጠልቆ ፔዳሎቹ ትይዩ መስመር ይስታሉ። ሲያስገባቸው አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አደረገ። በአንድ አቅጣጫ ቢገቡ ሁለቱ ክራንኮች ቀጥ ያለ መስመር አይሠሩም፤ ነጂው ሲሄድ የሚያነክስ ይመስለዋል። የቧንቧው ቁራጭ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ። መታ፣ ዳዶውን አጠበቀ፣ እንደገና መታ፣ ዳዶው ላልቶ ተገኘ፣ እንደገና አጠበቀ። ቅርቃሩን የሚያጠብቀው መዶሻው ነው፤ ዳዶው የደረሰበትን ቦታ ይዞ መጠበቅ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

ልጁ ወደ መንገዱ ወጥቶ ዞሮ መጣ። ድምፅ የለም። የጠጋኙን ዋጋ ከፈለና ሊሄድ ሲል ጠጋኙ እጁን ያዘው፤ አዲስ ቅርቃር ለጥቂት ቀናት ከተሄደበት በኋላ ቦታውን ስለሚይዝ፣ መልሶ ካልተመታ ያው «ቀጭ» ይመለሳል።

«ዓርብ ና» አለው በዓረብኛ።

«ዓርብ ሥራ ነኝ» አለ ልጁ። «ሐሙስ ማታ፣ ከተረኛው ጋር ሳልቀያየር በፊት እመጣለሁ።»